«ማን አየው?» የጦርነት ወሬ እና የሙስሊም ቤት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሐቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን የጦርነት ወሬ ነው። ከተዋጊዎቹ ማን ልክ ማን ስሕተት እንደሆነ ለመፍረድ አልተነሳንም፤ ለዚያ ተናጋሪው ብዙ ነው። እኛን የሚያሳስበን ወሬው ደጃፋችንን አልፎ ከገባ በኋላ፣ በቡናው ሥነ ሥርዓት፣ በወዳጃው፣ በልጆቻችን የእጅ ስልክ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ንግግራችንንም ከይፋት ቆላ እንጀምራለን፤ ምክንያቱም የይፋት ሰው ባለፉት ዓመታት ይህን ነገር ማንም ሳያስተምረው በገዛ ኑሮው አውቆታል።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ሽንኩርቷን፣ ማሾዋንና ማሽላዋን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይህች ከተማ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ «ነፃ ወጣች» ተብሎ ተነግሮላታል። የመጀመሪያው ኅዳር 22 ቀን 2014 ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከተማዋን ከሕወሓት ኃይሎች እንዳስለቀቀ አስታወቀ። ሁለተኛው ነሐሴ 3 ቀን 2015 ነው፤ በዚያን ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዕዝ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከላሊበላ፣ ከደብረ ማርቆስና ከደብረ ብርሃን ጋር ከፋኖ ታጣቂዎች ስጋት መላቀቋን ተናገረ። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ የፋኖ ታጣቂዎች ከመንግሥት ጦር ጎን ቆመው ይዋጉ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ከተማዋ «ነፃ የወጣችው» ከነሱ ሆነ። ቃሉ ግን አልተለወጠም። ቤቱ በሁለቱም ጊዜ የተተኮሰበት፣ ሱቁ የተዘጋበት፣ ማሽላው በማሳ የቀረበት የሸዋ ሮቢት ነዋሪ ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚል እናንተ ገምቱት።

አሁን አንድ ነገር እንመልከት። ከተማ «ተያዘ» ወይም «ተለቀቀ» ሲባል በመሬት ላይ ምን ማለት ነው? የይፋትን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ በኩል አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሲደርስ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት ነው። ከዚያም በጀውሃ፣ በሰንበቴ፣ በአጣዬ፣ በካራቆሬ አድርጎ ወደ ከሚሴና ኮምቦልቻ ይቀጥላል። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ ሜዳው ወደ አፋር ይዘልቃል። እንዲህ ባለ አገር ጦርነት የሚወሰነው በከተማው አስፋልት ላይ ሳይሆን በላዩ ባለው ተራራና በኋላው ባለው መንገድ ነው። ከኋላዬ መንገዱ ይቆረጥብኛል ብሎ የሰጋ ጦር ከተማውን አንድ ጥይት ሳይተኮስበት ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ከተማው ውስጥ የገባውም ጦር ተራራው የሌላ እስከሆነ ድረስ ያዘ ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ በአንድ ቀን አንዱ ወገን «ከተማው በእጃችን ነው» ሲል፣ ሌላው «እየተዋጋን ነው» ሲል፣ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘው ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ግን ከፊል እውነት አይጠቅምም። ለቤተሰብ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ሌሊት እዚህ እንደር ወይስ እንውጣ?

በጥቅምት 2014 የሆነውን አስታውሱ። ጥቅምት 20 ቀን ሕወሓት ደሴን ያዝኩ አለ፤ መንግሥት ደሴ በቁጥጥሬ ሥር ናት ብሎ አስተባበለ። በማግስቱ ስለ ኮምቦልቻም እንዲሁ ተባለ። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያ ቀናት መግለጫውን አምኖ የተቀመጠ ሰው አለ፤ በመንገዱ ላይ የሚጎርፈውን ተፈናቃይ አይቶ የተነሳም አለ። የኋላ ኋላ የታየው ተፈናቃዩ ከመግለጫው ይልቅ ትክክለኛውን ዜና ይዞ እንደነበረ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከመንግሥት እጅ ባይወጡ ኖሮ ኅዳር 27 ቀን «መልሰን ያዝናቸው» ባልተባለ ነበር። የውሸት ስጋት ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ በመንገድ እንደሚገድል ሁሉ፣ የውሸት መረጋጋትም ሰውን በቤቱ አስቀምጦ ይገድላል። ስለ ወሬ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንወቅሰው ሽብር የሚነዛውን ብቻ ነው። «ምንም የለም፣ ተረጋጉ» የሚለውም ሳያይ የተናገረ ከሆነ እኩል ሊጠየቅ ይገባዋል።

በሌላው ወገንም እንዲሁ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ከሕወሓት ጋር የተጣመረው የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ቃል አቀባይ አዲስ አበባን መያዝ የወራት፣ ካልሆነም የሳምንታት ጉዳይ ነው ብለው ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ ከደብረ ሲና አቅራቢያ ደርሶ የነበረው ጦር ወደ ሰሜን ተመለሰ። በታኅሣሥ ወር ሕወሓት ከአማራና ከአፋር ክልሎች ሲወጣ ነገሩን ለሰላም ዕድል መስጠት ነው አለው። ከዚያ በፊት ሰኔ 21 ቀን 2013 የመንግሥት ጦር ከመቀሌ ሲወጣ ነገሩ የተናጠል የተኩስ አቁም ተብሎ ነበር። ሽንፈት የሚባል ቃል ከሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። አንዱ ሲሄድ «ስልታዊ ማፈግፈግ» ነው፤ ሌላው ሲሄድ «ፈረጠጠ» ነው። ኅዳር 19 ቀን 2013 መቀሌ በተያዘች ጊዜ ዘመቻው ተጠናቀቀ ተብሎ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለተወካዮች ምክር ቤት ሠራዊቱ አንድም ሲቪል ሳይገድል ወደ ከተሞቹ እንደገባ ተናገሩ። ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቀጠለ። የኤርትራ ወታደሮች በትግራይ መኖራቸውም ለወራት ሲስተባበል ቆይቶ መጋቢት 14 ቀን 2013 በዚያው ምክር ቤት ታመነ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጥምር አጣርተው በጥቅምት 2014 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ በተለያየ መጠን ሁሉም ተዋጊ ወገኖች በደል መፈጸማቸውን አሳይቷል። ለወራት «የኛ ልጆች ይህን አያደርጉም» ሲል የነበረው ሁሉ በየፊናው አድርጎ ተገኘ ማለት ነው።

ቁጥሩስ? «ይህን ያህል ደመሰስን» የሚለውን መግለጫ ስትሰሙ አንድ ነገር አስቡ። የሚያጠቃ ጦር ፊት ለፊቱ የወደቀውን ጠላት ለመቁጠር ጊዜም ቦታም የለውም፤ የሚያፈገፍገውም የራሱን ሬሳ እንኳ ሁልጊዜ ማንሳት አይችልም። የራሱን ሙት በትክክል የሚያውቅ አዛዥ አለ፤ እሱ ግን አይናገርም። የትግራዩ ጦርነት እስከ 600,000 ሰው ሳይፈጅ እንዳልቀረ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦባሳንጆ በጥር 2015 ለጋዜጣ ተናግረዋል፤ ግምት ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ሲካሄድ ከሁለቱም ወገን የየቀኑን መግለጫ የሰማ ሰው የራሱ ወገን ሙት አለው ብሎ ለማሰብ ይቸገር ነበር። የሚሞተው ሁልጊዜ ጠላት ነበር።

ግንባር ላይ ያለው ወታደርም ቢሆን የሚያየው ከምሽጉ ፊት ያለውን ብቻ ነው። ልጃችሁ ደውሎ «ድል እኛ ጋ ነው» ቢላችሁ አትቆጡት፣ አትመኑትም። እሱ የነገራችሁ አለቃው የነገረውን ነው። በዓይኑ ያየውን የጠየቃችሁት እንደሆነ ውኃ እንደጠማው፣ ጓደኛው እንደቆሰለ፣ ሌሊቱ እንደበረደው ይነግራችኋል። ያ እውነት ነው፤ የቀረው የጦርነት ወሬ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፤ ይህ ሁሉ ለእስልምና እንግዳ ነገር አይደለም። ኢስላም ገና በመካ ሲጨቆን ሶሐቦች ወደዚህችው ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደዱ፤ እዚህ ሳሉም የወሬ ነገር ሁለት ጊዜ ፈተናቸው። አንደኛው እንዲህ ነው። በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት በረጀብ ወር መጥተው ጥቂት ወራት እንደቆዩ የመካ ሰዎች ሰለሙ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ መካ ሲቃረቡ ወሬው ውሸት ሆኖ አገኙት። ከፊሉ ተሸሽጎ፣ ከፊሉ የሰው ከለላ ይዞ ገባ፤ ከፊሉም ወደ ሐበሻ ተመለሰ። የተመኙትን ዜና ነበር የሰሙት። ሰው ቶሎ የሚያምነው የሚፈራውን ብቻ ሳይሆን የሚናፍቀውንም ነው። «ሰላም ወረደ፣ ተፈራረሙ» የሚለውን ወሬ ስንት ቤት አምኖ ዕቃውን ጭኖ ተመለሰ?

ሁለተኛውን የምታወሳልን የምእመናን እናት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት። እሷም ያኔ እዚሁ ሐበሻ ነበረች። በነጃሺ ላይ መንግሥቱን የሚቀማ ባላንጣ ተነሳበት። ሶሐቦች እጅግ አዘኑ፤ ያ ሰውዬ ቢያሸንፍ ነጃሺ የሚያውቅላቸውን መብት አያውቅላቸውም ብለው ሰጉ። ነጃሺም ሊዋጋ ወጣ፤ በመሐል ታላቅ ወንዝ ነበረ። (ወንዙ የትኛው እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት።) ሶሐቦች ታዲያ ምን አደረጉ? ከገበያ የሚመጣ ወሬ አልጠበቁም። «ሄዶ የሚያይልን ማን ነው?» ተባባሉ። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ የነበረው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም «እኔ» አለ። የውኃ ስልቻ በአየር ነፍተው ሰጡት፤ ደረቱ ሥር አድርጎ ዋኝቶ ተሻገረ፤ ጦርነቱ ላይ ተገኘ። እነሱ በዚህ ማዶ ለነጃሺ ዱዓ ያደርጋሉ። ከዚያ ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ እየሮጠ መጣ፤ ነጃሺ ማሸነፉን አበሰራቸው።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ የሚገርመን ዋናው ብቻ አይደለም። እነዚያ ስደተኞች ነበሩ፤ አገሩ የነሱ አይደለም፤ ሕይወታቸው በጦርነቱ ውጤት ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ በሆነ ሰው ላይ ወሬ እንደ እሳት ነው። እነሱ ግን አንድ የሚያይ ዓይን ላኩ፣ እስኪመለስም ዱዓ አድርገው ጠበቁ። ያልታየ አልተወራም።

ይኸው ነጃሺ ያስጠለላቸው ሶሐቦች መቃብር እንዳለበት የሚታመነው የአል-ነጃሺ መስጊድ በትግራይ በኅዳር 2013 በጦርነቱ ተመታ፤ ተዘረፈም። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ነገሩ በይፋ ለሙስሊሙ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። በመሐሉ ግን ዝም አልተባለም፤ አንዱ ምንም አልሆነም ይላል፣ ሌላው ጨርሶ ፈርሷል ይላል፣ ሁሉም የሚወቅሰው ቀድሞ የሚጠላውን ነው። ፎቶግራፉ ሲወጣ ሚናራው መመታቱ ታየ። ስለ ራሳችን መስጊድ እንኳ እውነቱን ለማወቅ ሳምንታት ከፈጀብን፣ ማዶ ስላለው ቀበሌ በአንድ ደቂቃ የምናውቀው በምን ብልሃት ነው?

ወደ ይፋት እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። በይፋት አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ተያይዞ ይኖራል። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየተናገረ ይገበያያል። ተጋብቷል፣ ተዋልዷል፣ ዕድር ጠጥቷል። እዚህ አገር ላይ የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ከሁሉ የከፋ ሥራ የሚሠራው ስለ ጦሩ ሲዋሽ አይደለም፤ የጎረቤትን ስም ሲለውጥ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ገበሬው ገበሬ መሆኑ ይቀርና «የእነ እገሌ መንገድ መሪ» ይባላል። የአንዱ ብሔር ስም ከታጣቂ ድርጅት ስም ጋር ይጣበቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬና አካባቢዋ ተቃጠሉ፤ በጥር 2015 በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል ደም እንደገና ፈሰሰ። በእነዚያ ጊዜያት «እየመጡ ነው» የሚል አንድ የስልክ ጥሪ ምን እንዳደረገ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በዚህ ማዶ «እየመጡ ነው» ተብሎ የታጠቀውን ሰው በዚያ ማዶ ያየው «እየመጡ ነው» ብሎ ይታጠቃል። ሁለቱም የፈሩትን በዓይናቸው ያያሉ፤ ያሳየው ግን ፍርሃታቸው ነው።

ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የወረደበትን ምክንያት ብዙ ሙፈሲሮች የሚነግሩን ልክ ይህንን ነው። ወሊድ ኢብኑ ዑቅባ ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኑ ሙስጠሊቅ ጎሳ ተላከ። ሰዎቹ ሊቀበሉት ወጡ፤ እሱ ሊገድሉኝ መጡ ብሎ ፈራ፣ ከመንገድ ተመለሰ። ለነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ ከለከሉ፣ ሊገድሉኝም ፈለጉ ብሎ ነገራቸው። በአንደኛው ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን እንዲያጣራ ላኩት፤ አትቸኩል አሉት። ኻሊድ ሌሊት ደረሰ፣ ሰላዮች ላከ፤ ሰላዮቹ ከጎሳው መንደር አዛን ሰሙ፣ ሲሰግዱም አዩ። አንቀጹ ያዘዘን የወሬ አምጪውን ነገር እንድናረጋግጥ ነው፤ ካላረጋገጥን ባለማወቅ ሕዝብን እንጎዳለን፣ ከዚያም እንጸጸታለን። እንግዲህ አስቡት፤ ሊጨፈጨፍ የነበረው ጎሳ የሌሊቱን አዛን የሚያሰማ ጎሳ ነበር። በጂሌና በይፋት መሐልም በአንዱ ማዶ የሚሰማው አዛን በሌላው ማዶ ይሰማል። አዛን የማያሰማው ጎረቤትስ? እሱም የጎረቤት ሐቅ አለው፤ የአንቀጹም ቃል ስለ «ሕዝብ» እንጂ ስለ ሙስሊም ብቻ አይናገርም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ጦርነት ማታለል ነው የሚል ሐዲስ አለ አይደል? ታዲያ የኛ ወገን ቢዋሽ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ግን ሐዲሱ የሚናገረው አዛዥ ጠላቱን ስለሚያሳስትበት ስልት ነው፤ በስተግራ የሚሄድ መስሎ በስተቀኝ መምጣት ማለት ነው። ኢማም ነወዊም ቃል ኪዳንን ወይም አማናን ማፍረስ ካለበት እንደማይፈቀድ ገልጸዋል። ለእናትህ፣ ለጎረቤትህ፣ ለራስህ ሕዝብ መዋሸት ከዚህ ውስጥ የለም። ደግሞም ፌስቡክ ላይ ተቀምጦ የሌላ አገር ጦርነት ሥዕል «ዛሬ ጠዋት የተነሳ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው የማንም ጦር አዛዥ አይደለም። ማን ሾመው?

እውነተኛም ወሬ ቢሆን ሁሉም አይጮኽም። በኡሑድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተገደሉ የሚል ወሬ ተነዛ፤ አንዳንዱ መሣሪያውን ጣለ። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ ከጥሩሩ ሥር ዓይናቸውን አይቶ ለየና በሕይወት መኖራቸውን እየጮኸ ተናገረ። እውነት ነበር፣ የምሥራችም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዝም በል ብለው ጠቆሙት፤ ጠላት ያሉበትን እንዳያውቅ። በኸንደቅ ጊዜም በኑ ቁረይዟ ቃል ኪዳን አፈረሱ የሚል ወሬ ሲመጣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝንና ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳን ከሌሎች ጋር ልከው አጣሩ። ሲልኳቸውም ወሬው ውሸት ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፣ እውነት ከሆነ ግን እኔ ብቻ በምረዳው ቃል ጠቁሙኝ ብለው ነበር። ተመልሰው መጥተው «ዐደልና ቃራ» አሏቸው፤ ቀደም ሲል ሶሐቦችን የከዱ የሁለት ጎሳዎች ስም ነው። ሌላው ሰው አልተረዳም፣ አልተሸበረም። ሱረቱ ኒሳእ 83ኛው አንቀጽም የደኅንነትም ሆነ የፍርሃት ወሬ እንደመጣ የሚያሰራጩትን ይወቅሳል፤ ነገሩን ወደሚመለከታቸውና ወደሚያውቁት ማድረስ ይሻል እንደነበር ያመለክታል።

ኅዳር 16 ቀን 2014 መንግሥት ስለ ጦር እንቅስቃሴና ስለ ግንባር ውጤት ካልተፈቀደለት አካል በቀር ማንም እንዳያወራ ከልክሎ ነበር። የጦር ምሥጢር መጠበቁን ከላይ ከኸንደቅ ያየነው ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በኸንደቅ መጀመሪያ ተጣራ፣ ከዚያ ተጠበቀ። ሳይጣራ ዝም ማሰኘትና ዝም የተባለበትን ቦታ በሌላ ወሬ መሙላት ሌላ ነገር ነው። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ወሬው አልቀነሰም፤ በሹፌር፣ በነጋዴ፣ በውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ዞሮ መጣ እንጂ። (ፌስቡክ የሌለው ሰው ከወሬ ይድናል ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን፤ ጀበና ከፌስቡክ ይቀድማል።) ከሲያትልና ከፍራንክፈርት የሚደወለው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የሚደውለው ወገን በቀን አሥር ቪዲዮ አይቶ ሸዋ ሮቢት ያለችውን እኅቱን ስለ ሸዋ ሮቢት ያስረዳታል።

ይህ የኛ አገር ሰው ብቻ ያመጣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1990 አንዲት ኩዌታዊት ልጅ በአሜሪካ ምክር ቤት ሰዎች ፊት ቀርባ የኢራቅ ወታደሮች ሕፃናትን ከማሞቂያ አውጥተው እንደጣሉ እያለቀሰች መሰከረች። ዓለም አለቀሰ፤ ጦርነቱ ተጀመረ። በኋላ ልጅቷ በዋሽንግተን የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ ታወቀ፤ ታሪኩም ማስረጃ አጣ። በ2003 ደግሞ የኢራቁ ማስታወቂያ ሚኒስትር ሰሓፍ አሜሪካኖች ባግዳድ አልገቡም ሲሉ ታንኩ በአቅራቢያቸው ነበረ። አሜሪካም ለዚያው ጦርነት ምክንያት ያደረገችውን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላገኘችም። በኛም አገር በ1928 የመጣው ጣልያን ሙስሊሙን በሃይማኖቱ በኩል ሊያባብለው ሞክሯል፤ ሙሶሊኒ በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» ተሸልሞ የእስልምና ጠባቂ ነኝ ያለው በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ዛሬም ማንኛውም ወገን መጥቶ «እናንተን ሙስሊሞችን የሚነካችሁ እገሌ ነው» ሲለን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው ነው፦ ማን አየው? ምን ሲያደርግ? የት? መቼ?

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ፤ ስለ አንድ ነገር ብዙ ደብዳቤ ይደርሰናልና ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ባሏ ዘምቶ ድምፁ የጠፋባት ሴት አለች። አንዱ መጥቶ «በቴሌግራም ስሙን አየሁት፣ አልፏል» ይላታል። ሌላው «ተማርኳል፣ አየሁት የሚል ሰው አለ» ይላል። እሷ ለቅሶ ልቀመጥ? ዒዳ ልጀምር? ልጆቹን ይዛ ውርስ ትጠይቅ? ወይስ ትጠብቅ? በትግራይ በጦርነቱ የወደቁ ታጋዮች ቤተሰቦች በይፋ መርዶ የተነገራቸውና የሦስት ቀን ሐዘን የታወጀው በጥቅምት 2016 ነበር። የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶሪያ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ከተፈረመ አንድ ዓመት ሊሆነው ሲል፣ አንዳንዱ ልጁ ከወደቀ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው መርዶውን የሰማው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት በወሬ ሲሞትና ሲነሳ ነበር። በይፋትና በወሎ ያሉ ብዙ ቤቶችም ከሁለቱ ጦርነቶች ወዲህ ገና በይፋ ያልሰሙት ነገር አለ።

የፊቅህ ሊቃውንት የጠፋውን ሰው «መፍቁድ» ይሉታል። መሠረቱ እንዲህ ነው፦ በሕይወት መኖሩ ቀድሞ የታወቀ ሰው ሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል። ወሬ ይህንን አያፈርሰውም። በአካባቢያችን በስፋት በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ የጸናው አቋም ሚስቱ ሞቱ ወይም ፍቺው እስኪረጋገጥ ትጠብቃለች የሚል ነው። ማሊኪዮችና ሌሎች የዑመርን (ረ.ዐ) ፍርድ ይዘው፣ ጉዳዩን ቃዲ ዘንድ ካቀረበች በኋላ አራት ዓመት ጠብቃ ከዚያ የባል ሞት ዒዳ እንድትቆጥር ይላሉ፤ በጦርነት መሐል ስለጠፋ ሰው ደግሞ የተለየ ዝርዝር አላቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ የጎረቤት አይደለም፣ የቴሌግራምም አይደለም። ሚስት በወሬ ዒዳ ጀምራ፣ በወሬ አግብታ፣ ባል በሩን ያንኳኳ እንደሆነ የሚደርሰውን መከራ ወሬውን ያመጣው ሰው አይካፈላትም።

ምስክር ከተገኘ ደግሞ ጥያቄው «ሞቷል ወይ?» ብቻ አይሁን። «አንተ በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማህ? ከሰማህስ ከማን? የት ነበር? በየትኛው ቀን?» ተብሎ ይጠየቅ። ቀኑ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ ዒዳው የሚቆጠረው መርዶው ከተሰማበት ቀን ሳይሆን በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ሰውየው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖት መርዶው ዛሬ የደረሳት እርጉዝ ያልሆነች ሴት ዒዳዋ አልፏል ማለት ነው። ውርሱም እንዲሁ ነው፤ አባት ቀድሞ ሞተ ወይስ ልጁ የሚለው በቀናት ልዩነት ይለወጣል። ስለዚህ ከግንባር የተመለሰ ወንድማችን ጓደኛው ሲወድቅ አይቶ ከሆነ ቀኑንና ቦታውን በወረቀት ይጻፍ፣ አብሮት ያየ ሌላ ሰው ካለ ስሙን ያኑር፣ ለቤተሰቡም በስልክ ሳይሆን ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይንገር። ያላየ ከሆነ ደግሞ «አላየሁም» ይበል። እናቲቱ ብታለቅስበትም፣ ብትለምነውም፣ «አላየሁም» ይበል።

ሶላተል ጋኢብ እንስገድ ወይ ብላችሁ ለጻፋችሁልን፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሆነው ለነጃሺ ሰግደዋል፣ በሻፊዒዮች ዘንድም በሩቅ ለሞተ ሰው ይሰገዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን መሞቱን ከአላህ ዘንድ አውቀው ነው የሰገዱት። እኛ ምስክሩ እስኪመጣ ዱዓ እናድርግለት፤ ዱዓው በሕይወት ላለም ለሞተም ይደርሳል።

አላህ የጠፉትን ወደየቤታቸው ይመልስልን፣ የሞቱትን ይማርልን። አሚን።